ለእናቴ በቁሟ ያስለቀሰኝ የሆላንድ ቃል

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እዚህ ላስ ቬጋስ የሚያውቁኝ ሐበሾች በየሰርጉና በየክርስትናው እያነሱ ይስቁበታል፤ እኔም ለወጉ አብሬ እስቃለሁ። ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ስሆን ግን ያንገበግበኛል። በማን እንደምናደድ በቅጡ ለይቼ ማወቅ ስላልቻልኩ ነው ዛሬ ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

ስሜ ገነት ነው። በዲቪ ከመጣሁ አስራ አንድ ዓመቴ ነው። የምኖረው ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ብቻዬን ሲሆን፣ የምሠራው አንድ ትልቅ ካዚኖ ምድር ቤት፣ የሠራተኞች ዩኒፎርም ክፍል ውስጥ ነው። አስተናጋጁም፣ ጠባቂውም፣ ካርታ አዳዩ ዲለርም ንጹሕ ልብሱን ከእኔ ተቀብሎ ይወጣል፤ ሺፍቱን ሲጨርስ ላብ የጠጣውን ለእኔ ጥሎ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ የሰው ስም ስጠራ ስለምውል ከሥራ ስወጣ የማንንም ድምፅ መስማት አልፈልግም። ጠባዬ ነው፣ አልደብቅም።

ታናሽ ወንድሜ ዳዊት እዚሁ ከተማ፣ ሴንቴኒያል ሂልስ ይኖራል። ሚስቱ ማህሌት ትባላለች፤ እኛ ማሂ እንላታለን። ወላጆቿ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ እሷ ግን በአራት ዓመቷ ሆላንድ ገብታ ያደገችው ሮተርዳም ነው። አማርኛዋ ይሰባበራል፤ ሲጠፋባት እንግሊዝኛ ትቀላቅላለች፤ እሱም አልበቃ ሲላት የሆላንዱን ትጨምርበታለች።

ያንን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት አንድ እሁድ እነሱ ቤት ምሳ ተጠርቼ ነው። ኦቨርታይም ያዘኝና አርባ ደቂቃ ያህል ዘገየሁ። ማሂ በሩን ከፍታ ሁለት እጄን ያዘችና፣ “ገኒ፣ እኔ ኦንኸሩስት ነበርኩ” አለችኝ።

“ምን ነበርሽ?”

“ኦንኸሩስት። በአማርኛ ምንድን ነው? ፈራሁ አይደለም። ሩስት ማለት ሬስት ነው፤ ኦን ማለት ደግሞ የለም። አንቺ የት እንዳለሽ አላውቅም፣ ስለዚህ ውስጤ ሬስት የለም።”

ዳዊት ከውስጥ ሆኖ፣ “ሰጋሁ ማለቷ ነው” አለ። እሷ ግን አልተስማማችም። ገበታ ላይ ቁጭ ብለን በሰፊው አስረዳችኝ። በዞርኽት የሚባል ሌላ ቃልም አላቸው። ታማሚ አጠገብሽ ተኝቶ እያየሽው የምታስቢለት በዚያ ቃል ነው። ኦንኸሩስት የሚባለው ግን የማታዪው ሰው ሲሆን ነው፤ መድረሻ ሰዓቱ አልፎ ላልደረሰ፣ ስልክ ላላነሳ። ለፈተና ወይም ለሥራ ቃለ መጠይቅ አይባልም፤ ለዚያ ሌላ አላቸው። ደግሞም በሆድ ይዘውት አይቀመጡም። ለራሱ ለሰውየው ይነግሩታል፤ ከዚያ ያልፋል።

“እኛ ቢልዲንግ ውስጥ አንድ ኦልድ ሌዲ ነበረች” አለች። “ከርተናችን ጠዋት እስከ ቴን ኦክሎክ ካልተከፈተ ትመጣለች፣ ቤል ታደርጋለች። ‘ኦንኸሩስት ሆኜ ነው’ ትላለች። ማሚ ‘ደህና ነን’ ትላታለች። ትሄዳለች። በቃ።”

“ሥራ የላትም እንዴ ይቺ አሮጊት?” አልኩ። ዳዊት ሳቀ፤ ማሂ አልሳቀችም።

እውነቱን ለመናገር ያስጠላኝ ቃሉ ሳይሆን አባባሏ ነው። እኛ ጋ ሰው ሲዘገይ ክፉ ቢታሰብም በሆድ ነው የሚታሰበው። ሰውየው ከመጣ በኋላ ፊቱ ላይ ‘አንድ ነገር ሆነህ ይሆን ብዬ ነበር’ ማለት ሟርት ነው። እሷ ግን የአየር ጠባይ እንደምታወራ ሰው ቀለል አድርጋ ትናገረዋለች። ያን ቀን ምሳዬን በላሁ፣ አመሰግናለሁ አልኩ፣ መኪና ውስጥ ስገባ ግን ሦስት ጊዜ አማተብኩ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ያለችው እናቴ የልብ ሕመሟ ተነሥቶባት ሆስፒታል ገባች። ሐኪሙ ለቤተሰቡ የተናገረው አንድ ነገር ነው፤ ከድንጋጤ ጠብቋት፣ ልቧ ድንጋጤ አይችልም። እኔ ፈቃድ ስላልነበረኝ ዳዊት ሄደ። ኤርፖርት ስንሸኘው ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ “ገነትን አደራ፣ ብቻዋን ናት” አላት። ለወጉ ነው ያላት፤ እኛ ስንሰናበት ሁሌም እንላለን። እሷ ግን ከምሯ ያዘችው።

ከማግስቱ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ፊደል በምትጽፈው አማርኛዋ ስልኬ ዕረፍት አጣ። “ገኒ፣ ሥራ ገባሽ?” “ገኒ፣ ምሳ?” “ገኒ፣ ኤሲሽ ተሠራ?” ኤሲዬ መንጫጫት እንደጀመረ አምልጦኝ ነግሬያት ነበር። በዚህ ከተማ ሐምሌ ላይ ኤሲ ቆሞበት ቤቱ ውስጥ ሞቶ የተገኘ ሰው አለ፣ እሱን አልክድም። ኤሲውን ግን አሠርቼው ነበር። “ተሠርቷል” ብዬ አንድ ቃል መጻፍ ነው ያስጠላኝ። እናቴ በሕመም ላይ ናት፤ እኔ ለእሷ እያሰብኩ ለማሂ ሪፖርት ማቅረብ አለብኝ?

አንድ ቅዳሜ ሺፍቴን ጨርሼ ስወጣ ስልኬ ላይ ስድስት መልእክት ቆጠርኩ። የመጨረሻው “ገኒ፣ አንሰር አድርጊ፣ ኦንኸሩስት ነኝ” ይላል። ፓርኪንጉ ውስጥ አስፋልቱ ጫማ ያቀልጣል፤ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ እዚያው ቆሜ ብሎክ አደረግኋት። አንድ ጣት ብቻ ነው የፈጀብኝ። እንዲህ ቀላል ከሆነ እስከዛሬ ምን ነካኝ ብዬ መኪናዬን አስነሣሁ።

ማታ ላይ በዳዊት ስልክ ከእናቴ ጋር አወራሁ። እዚያ ነግቷል። ድምፅዋ ጥሩ ነበር፤ አጥሚት እንደጠጣች፣ ዶክተሩ እንደሳቀላት ነገረችኝ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

እሁድ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ነጠላ ጫማዬን አድርጌ ሄድኩና በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ጋሽ በላይ ቆመዋል።

ለማያውቃቸው ጋሽ በላይ በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል ተሰደው ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። ቬጋስ ውስጥ መርዶ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ድምፃቸው ረጋ ያለ ስለሆነና ዕድሜም ስላላቸው በዚያው ለምዶባቸው ቀረ። እኛ ሞት በስልክ አንናገርም። አገር ቤት ሰው ሲሞት ከተማው ሁሉ ሰምቶ ባለሐዘኑ ብቻ ሳይሰማ ይቆይና፣ ሰዎች ተሰብስበው ንጋት ላይ፣ ሥራ ሳይወጣ፣ ቤቱ ሄደው ያረዱታል። ስለዚህ እዚህ ከተማ በማለዳ በሩ ላይ ጋሽ በላይን ያየ ሰው የሚጠይቀው “ማን?” ብሎ ብቻ ነው።

ከጎናቸው የእድራችን ሰብሳቢ እትዬ ጽጌ ነጭ ነጠላ ለብሰው ቆመዋል። ከኋላቸው ማሂ አለች፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። እኔ “ማን?” ብዬ መጠየቅ እንኳ አላስፈለገኝም።

በሩን ሳልከፍት ነው የጮህኩት። “እናቴን! እናቴን! ወይኔ እናቴን!” እንዴት እንደከፈትኩት አላስታውስም። ጋሽ በላይ “ልጄ ገነት፣ ደህና...” ብለው ጀምረው ነበር፤ አላስጨረስኳቸውም። ደረቴን እየደቃሁ እግራቸው ሥር ወደቅኩ።

አሁን እነሱ በዚያች ደቂቃ ያሰቡትን ልንገራችሁ፤ እኔ የሰማሁት ኋላ ነው። ሦስቱም የመጡት እኔ በሕይወት መኖሬን ለማየት ነበር። ማሂ ከቅዳሜ ከሰዓት ጀምሮ አሥራ አራት ጊዜ ደውላልኝ ስልኩ አንዴም ሳይጠራ ይዘጋባታል። ዳዊትን እንዳትጠይቀው የታመመች እናት አጠገብ ተቀምጧል፤ ሌላ ጭንቀት ልጨምርበት አልፈለግሁም ነው ያለችው። ኤሲው ቆሞ ራሴን ስቼ ወድቄ ታየኋት። ሊነጋጋ ሲል እትዬ ጽጌ ጋ ደወለች፤ እሳቸው ለቅዳሴ ለብሰው ሊወጡ ነበር። እሳቸው ደግሞ መኪና ያላቸውንና ቅርብ ያሉትን ጋሽ በላይን ጠሩ። ይኸው ነው።

እኔ በሩ ውስጥ ሆኜ “እናቴን” ስል ግን በሦስቱም ልብ ውስጥ የገባው አንድ ሐሳብ ነው። ለካ እናቷ አርፋ ኖሯል፣ በስልክ ሰምታ ነው ስልክ የማታነሣው! እትዬ ጽጌ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው “እኔን ልጄን፣ ብቻሽን ሰማሽው?” እያሉ ማልቀስ ጀመሩ። ማሂ ግድግዳውን ይዛ ተንሸራታ ተቀመጠች። ጋሽ በላይ ኮፍያቸውን አወለቁና በዚያ ድምፃቸው፣ “እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ” አሉ። ይህን ከእሳቸው አፍ ከሰማሁ በኋላ ምን ጥርጣሬ ይቀረኛል?

እኔ እነሱን አይቼ አመንኩ፣ እነሱ እኔን አይተው አመኑ። ጎረቤቴ የሆነችው ሜክሲኳዊት በሌሊት ልብሷ ወጥታ አቅፋኝ አለቀሰች። እትዬ ጽጌ ለቅሶ የደረሰበት ሰው ስልክ አይነካም ብለው ስልኬን ከአልጋዬ ላይ አንሥተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ በራሳቸው ስልክ ደግሞ እድሩን ጠሩ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሳሎኔ ውስጥ ሠላሳ የሚሆን ሰው ነበር። ፍራሹ መሬት ወርዷል፣ ታጣፊ ወንበር መጥቷል፣ የውኃ ካርቶን በር ላይ ተደርድሯል፣ አንዷ የሥራ አለቃዬ ጋ ደውላ ፈቃድ ጠይቃልኛለች።

ማሂ ለባሏ ደወለች፤ አላነሣም። ያን ሰዓት ዳዊት ከሆስፒታሉ ወጥቶ ፋርማሲ ወረፋ ላይ ነበር። እሷም “ስለ ማማ በጣም አዝናለሁ፣ እኔ ከእህትህ ጋር ነኝ” ብላ ላከችለት። ዳዊት መድኃኒቱን ይዞ ሲወጣ አነበበው። ሆስፒታሉ ከእሱ ቀድሞ ለእነሱ ደውሎ ነግሯቸዋል ብሎ አሰበ። መድኃኒቱን መንገድ ላይ ጥሎ ሮጠ። ፎቅ ወጥቶ በሩን በርግዶ ሲገባ እናቴ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። እየጮኸ ላይዋ ላይ ወደቀ።

ሐኪሙ የከለከለው ድንጋጤ ይኸው ደረሰባት።

የማሂ ስልክ በቪዲዮ የጠራው በዚያ መካከል ነው። የዳዊት ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። “ማን ነው እማዬ ሞተች ያለሽ?” ማሂ ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው። እናቴ አፏ ላይ ኦክስጅን ሊያደርጉላት ሲታገሉ አየሁ፤ ፊቷ አመድ መስሏል፣ እጇ ደረቷን ይዟል። እትዬ ጽጌ እልል አሉ። እኔ ግን እልል የሚባል ነገር አልታየኝም። አንዲት ነርስ “ውጡ፣ ውጡልን!” አለች፤ መስመሩ ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ ያለፈው አንድ ሰዓት ነው እውነተኛው ሐዘኔ። ደጋግመን ደወልን፣ የሚያነሣ የለም። የእናቴ ልብ ይችለው አይችለው ማወቅ አልቻልንም። ሬሳ ሳይኖር ለቅሶ ተቀምጠን፣ ሬሳው በእኛ ለቅሶ ሊመጣ ነው። የምይዘው የምጨብጠው ሲጠፋኝ ማሂን አየኋት፤ ማቀዝቀዣው አጠገብ ቆማለች።

“አንቺ ነሽ!” አልኳት። “እናቴ አንድ ነገር ብትሆን የገደልሻት አንቺ ነሽ! ማን ላከሽ? ማን ጠራሽ? ሟርተኛ! ኦንኸሩስትሽን ይዘሽ ወደመጣሽበት ሂጂ!”

“ፎርቲን ታይምስ ደወልኩ” አለች ቀስ ብላ። “ኤሲ የለሽም። ሞተሻል ብዬ ነው ገኒ።”

“ሟርተኛ አላልኳችሁም? ሞተሻል ብዬ ትለኛለች!” ብዬ ወደ ሰው ዞርኩ። አንድ ሁለት ሴቶች ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ሌላም ብዙ አልኩ። እናቱን የማይቀብር፣ ጎረቤቱን በመጋረጃ የሚሰልል አገር ያሳደጋት ነው አልኩ። ሐበሻ ለመባል መልክ ብቻ አይበቃም አልኩ። ይህን ሁሉ ብያለሁ።

ጋሽ በላይ እስኪበቃኝ ጠበቁና እትዬ ጽጌን፣ “እስቲ የልጅቷን ስልክ አምጪው” አሏቸው። “አሥራ አራት ጊዜ ተደውሎ እንዴት አይጠራም?” ስልኬን ከፍቼ ሰጠሁ፤ በዚያ ሰዓት ቅዳሜ ያደረግሁትን ፈጽሞ ረስቼዋለሁ። እሳቸው ዓይናቸው ስላላነበበላቸው አጠገባቸው ለተቀመጠ ጎልማሳ አቀበሉት። እሱም ወዲያ ወዲህ ብሎ፣ ሳያስበው ጮክ ብሎ፣ “ብሎክ ተደርጋለች እኮ” አለ።

ሠላሳ ሰው እኔን አየኝ።

“ብሎክ አድርገሽኝ ነው?” አለች ማሂ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ኖሮ ምንኛ በተሻለኝ ነበር! “ሙሉ ሌሊት እኮ አልተኛሁም ገኒ።” ቦርሳዋን አነሣች፣ ለእትዬ ጽጌ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ወጣች። ማንም አልተከተላትም፤ እኔን ፈርተው ይመስለኛል። መኪና ሳይኖራት እንደመጣች ትዝ ያለኝ በኋላ ነው። በዚያ ፀሐይ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆማ ነው የሄደችው።

ዳዊት ሲደውል አራት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። እናቴ ተረጋግታለች። ልቧ ችሎታል። ሰው ተነሥቶ አመሰገነ፣ አጨበጨበ፣ ወንበሩን አጣጥፎ ሄደ። የመጨረሻው ጋሽ በላይ ነበሩ። በሩ ላይ ቆም ብለው፣ “ልጄ፣ እኔ ዛሬ ደህና አደርሽ ልልሽ ነበር የመጣሁት” አሉኝ። “ሰው የእኔን ፊት ሲያይ የሚታየው ሞት ብቻ ነው ማለት ነው?” ኮፍያቸውን ደፍተው ወረዱ።

በአራተኛው ቀን እናቴ ኦክስጅኑ ተነሥቶላት ደወለችልኝ። ዳዊት ሁሉንም ነግሯታል። “ልጅቷ ምን አደረገችሽ?” አለችኝ። ተናገርኩ፤ ቃሉን፣ መጋረጃውን፣ አሮጊቷን፣ መልእክቱን ሁሉ ዘረገፍኩት። እስክጨርስ ሰማችኝና፣ “ይሄማ ልብ አላርፍ ማለት ነዋ” አለች። “ከትምህርት ቤት ስትቆዪብኝ አስፋልቱ ድረስ ወጥቼ የምቆመው ምን ሆኜ ነበር? ያኔ ሟርተኛ ብለሽኛል?”

“አላልኩሽም እማዬ።”

“የኔ ልጅ ሰው አገር ሞታ ትሸታለች ብዬ ነው ሌሊት የማልተኛው። ለካ እግዜር በሯን የሚያንኳኳ ሰው ሰጥቷታል፤ እሷ ዘግታበታለች። ሂጂና እግሯ ላይ ውደቂ።”

“እሺ” አልኩ።

አልሄድኩም። በሳምንቱ እናቴ፣ “ጠየቅሻት?” አለችኝ፤ “ጠየቅኋት” ብዬ ዋሸሁ። ደስ አላት። እስከ ዛሬ ስንደዋወል፣ “ከማሂ ጋር ደህና ናችሁ?” ትለኛለች፤ “ደህና ነን” እላታለሁ። ለሁለታችንም ስትጸልይ እሰማለሁ።

ማሂን በበዓል በበዓል አገኛታለሁ። ጉንጬን ስማ፣ ምግብ አቅርባልኝ፣ “ሃይ ገኒ” ብላኝ ታልፋለች። ባለፈው ፋሲካ መንገድ ተዘግቶብኝ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዘገየሁ። መኪና ውስጥ ሆኜ፣ ያንን ቃሏን ስትለኝ ምን ብዬ እንደምመልስላት ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። በሩን ከፈተችና፣ “ገባሽ? ግቢ” ብላ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች። ያዘጋጀሁትን መልስ እንደያዝኩ ገበታ ላይ ተቀመጥኩ።

ዛሬም ንዴቴ አልበረደም። ንጋት ላይ መርዶ ነጋሪ ይዛ መምጣቷን አልረሳላትም፤ አለማወቋን ባውቅም። ግን በዚህ ከተማ አንድ ሌሊት ሙሉ ለእኔ ብሎ ዓይኑን ያልከደነ ሰው እሷ ብቻ ናት፤ ያዋረድኩትም እሷን ብቻ ነው። ይሄ እውነት ነው እንግዲህ የሚያንገበግበኝ።

ማሂ የአማርኛ ፊደል ማንበብ አትችልም። ይህን ሁሉ በድፍረት የጻፍኩትም ለዚያ ነው። ዳዊት ግን ያነባል። ዳዊት፣ ይሄ እጅህ ከገባ ቁጭ በልና አንብብላት፤ ሟርተኛ ያልኳትን ቦታ እንዳትዘልባት። አንብበህ ስትጨርስ ከደወለች፣ አነሣለሁ።